የዩኒቨርሲቲ የምርምር ድጎማና «ማኅበረሰብ አቀፍ» ጥናት፤ ማመልከቻው ከየት ይጀምራል?

መግቢያ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከማስተማርና ከመመራመር ጋር ማኅበረሰቡን የማገልገል ኀላፊነት እንዳለባቸው በሕግ ተደንግጓል። የ2001 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650፣ እንደዚሁም እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1152፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን አያይዘው የተቋማቱ ተግባራት ያደርጓቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ኀላፊነት ለመወጣት ከዓመታዊ በጀታቸው ለመምህሮቻቸው የምርምር ድጎማ ይመድባሉ። ከድጎማውም ከፊሉ «ማኅበረሰብ አቀፍ» ለሚባሉ ጥናቶች የሚውል ነው። የጥሪ ማስታወቂያ ይወጣል፤ መምህራን በተለምዶ ፕሮፖዛል የሚባለውን የምርምር ዕቅድ አዘጋጅተው ያመለክታሉ፤ ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለተመረጡትም ገንዘቡ ይለቀቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድጎማው አያስፈልግም ለማለት አይደለም። በአገራችን የትምህርት ቤቶችን ችግር በቅርብ የሚያጠና ሰው ከሚፈለገው ቁጥር እጅግ ያነሰ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ለዚህ ሥራ የሚመደብ ማንኛውም ገንዘብ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ምርምር ውጤቶች ብዙ ሲጻፍ፣ ምርምሩ ከመጀመሩ በፊት ስለሚሞላው የማመልከቻ ቅጽ የሚጻፈው ጥቂት ነው። ጸሐፊው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ጉዳዩን ከአመልካቹ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን ጥናቱ ከሚካሄድበት ትምህርት ቤት አንጻርም ለመመልከት ይሞክራል።

የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። አንድ ጥናት ማኅበረሰብ አቀፍ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው መጠይቁ በሚበተንበት ዕለት ሳይሆን ማመልከቻው በሚጻፍበት ወቅት ነው። ቅጹ፣ የጊዜ ሰሌዳውና የነጥብ አሰጣጡ ማኅበረሰቡን ከመነሻው ያላካተቱ ከሆነ፣ የተመራማሪው ቅን ልቡና ብቻውን ጉድለቱን ሊሞላው አይችልም።

ስያሜውና ያሳለፈው ታሪክ

ሐረጉ በማመልከቻ ቅጾች ላይ ከመለመዱ በፊት ነገሩ በሌሎች ስሞች ይታወቅ ነበር። የሥነ ልቡና ሊቁ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ ዕቅድ፣ ድርጊትና የድርጊቱን ውጤት መመርመር እየተፈራረቁ የሚሄዱበትን «የተግባር ምርምር» አስተዋውቋል። በ1970ዎቹ በታንዛኒያ ማርያ ሊሳ ስዋንትስና ከዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩ ባልደረቦቿ የመንደር ነዋሪዎች በጥናቱ ሂደት ውስጥ ተካፋይ የሚሆኑበትን «አሳታፊ ምርምር» ሞክረዋል። በኮሎምቢያም ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ እ.ኤ.አ. በ1977 በካርታኼና ከተማ በተካሄደው ጉባኤ ይህንኑ አመለካከት ካስፋፉት ምሁራን አንዱ ነበር። እነዚህ ሁሉ በዝርዝሩ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ችግሩን የሚኖርበት ሰው ችግሩ ምን እንደሆነ በመናገር ረገድ ድርሻ ሊኖረው ይገባል የሚለው ነው።

በአገራችንም ቢሆን ዩኒቨርሲቲን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የማገናኘት ጥረት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰማርቶ በጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠራበት በነበረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ አብዛኛዎቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውና በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ነዋሪው እየወጡ ችግር የሚለዩበትን ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት መርሑ አድርጎ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ዑሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትን፣ ሞትንና የመኖሪያ ለውጥን ለረጅም ዓመታት በተከታታይ የመዘገበበት ሥራ ነው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሥልጠና፣ አንዳንዶቹም የምርምር ሥራዎች ነበሩ። ሁሉም እንከን የለሽ ነበሩ ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ለዛሬው ድጎማ መለኪያ የሚሆን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ከዩኒቨርሲቲው የወጣው ሰው ወደ አካባቢው ሄዶ ይቆያል ወይም ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ያስተማረ ወጣት የትኛው ተማሪ በየትኛው ወር እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልገውም። ማኅበረሰብ አቀፍ የሚለው ቃል ክብደቱን የሚያገኘው ከዚህ ዓይነቱ ቆይታ ነው።

ጥያቄው የማን ነው?

የተለመደው የማመልከቻ ቅጽ ርእስ፣ የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ የናሙና አመራረጥ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ በጀትና የተመራማሪዎች የትምህርትና የሥራ ታሪክ የሚሉ ክፍሎች አሉት። ማኅበረሰቡ በዚህ ቅጽ ውስጥ የሚገኘው በሦስት ቦታ ነው። በመጀመሪያ «የጥናቱ አካባቢ» ተብሎ ይገለጻል፤ ቀጥሎ «ናሙና» ሆኖ ይቆጠራል፤ በመጨረሻም «የጥናቱ ተጠቃሚዎች» በሚለው ርእስ ሥር ይመሰገናል። የችግሩ መግለጫ በሚጻፍበት ክፍል ግን የለም። ያ ክፍል የሚሞላው ከዚህ በፊት ከታተሙ ጽሑፎች ነው።

እርግጥ ነው፣ በአባሪነት የሚያያዝ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ግን የሚጠየቀው ዕቅዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ርእሱን አይቶ ማኅተሙን ያኖራል፤ ርእሰ መምህሩ ግልባጭ ይደርሰዋል፤ መምህራኑ የሚሰሙት መረጃ ሰብሳቢ በር ሲያንኳኳ ነው፤ ወላጆች ደግሞ ጨርሶ ላይሰሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ የሚያረጋግጠው ተመራማሪው ከበር እንደማይመለስ ነው። ጥያቄው የአካባቢው ሰው ጥያቄ መሆኑን ግን ሊያረጋግጥ አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይበጃል። አንድ የፋኩልቲ መምህር በቡና አብቃይ ወረዳ ስለ ተማሪዎች ማቋረጥ ሊያጠና ያመለክታል እንበል። ከመጻሕፍት ተነሥቶ «የማቋረጥ ምክንያቶች» በሚል ርእስ ድህነትን፣ የወላጆችን የትምህርት ደረጃና የትምህርት ቤት ርቀትን የሚለካ መጠይቅ ያዘጋጃል። ጥናቱም ድህነት፣ የወላጆች አለመማርና ርቀት ምክንያት ናቸው ብሎ ይደመድማል። ይህ መደምደሚያ ሐሰት አይደለም፤ ግን ለትምህርት ቤቱ አዲስ ነገር አይነግረውም። መምህሩ በእጁ ባለው የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ልጆቹ በቡና ለቀማ ሰሞን በአንድነት ሲጠፉ፣ ለቀማው ሲያበቃ ከፊሉ ሲመለሱ ያያል። የመምህሩ ጥያቄ ሌላ ነው። የተመለሱት ልጆች ያመለጣቸውን ትምህርት በምን መንገድ ይካካሱ? የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ከለቀማው ጋር እንዳይጋጭ የትምህርት ዘመኑ ሰሌዳ በወረዳ ደረጃ ሊሸጋሸግ ይችላልን? እናትየዋ ብትጠየቅ ደግሞ ሌላ ታክልበታለች። ከለቀማው የተገኘው ገንዘብ የልጁን ደብተርና ልብስ የሚገዛ ስለሆነ፣ ልጁ የሚሠራው ትምህርቱን ትቶ ሳይሆን ትምህርቱን ለማቆየት ነው ትላለች።

እነዚህ ጥያቄዎች ሊጠኑ የሚችሉ ናቸው። መልስ ቢያገኙ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁም ለዕቅድ ባለሙያውም ይጠቅማሉ። ወደ ማመልከቻው ሊገቡ ያልቻሉት ግን ማመልከቻው ሲጻፍ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

የበጀት ዓመትና የገበሬው ዓመት

ሁለተኛው ጉድለት የጊዜ ጉዳይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ሐምሌ ሲጀመር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ገበሬውም በእርሻና በአረም ላይ ነው። ቀኑ በየተቋሙ ቢለያይም፣ የጥሪ ማስታወቂያው ወጥቶ፣ ማመልከቻ ተሰብስቦ፣ ግምገማው ተካሂዶ፣ ውል ተፈርሞ ቅድመ ክፍያው እስኪለቀቅ ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉ። በደጋና በወይና ደጋው አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የመኸር አጨዳና ውቂያ ነው። ስለዚህ ለመስክ ሥራ የሚቀረው በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ብቻ ይሆናል። ግንቦት ሲያልቅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለፈተና ይዘጋጃል፤ የፋይናንስ ክፍሉም ሒሳብ እንዲወራረድ ያስቸኩላል። ያልተሠራበት ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ይሆናልና፣ ተመራማሪው እስከ ሰኔ 30 ቀን መጨረስ ይጠበቅበታል።

ከዚህም የተነሣ ጥናቱ የሚያየው አካባቢውን በበጋ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ቼምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ገጠር ልማት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች ገጠሩን በበጋ ወራት፣ ከዋናው መንገድ ሳይርቁ፣ የሚያነጋግሩትም በአብዛኛው ወንዶችንና የአካባቢ ሹማምንትን መሆኑን ገልጾ፣ ረኃብና በሽታ የሚበረቱበት የዝናብ ወቅት ከዐይናቸው እንደሚሰወር አስገንዝቦ ነበር። የትምህርት ጥናትም ከዚህ አላመለጠም። ድልድይ በሌለበት አካባቢ በሰኔና በመስከረም ወንዝ ሲሞላ ልጆች ተሻግረው መምጣት አይችሉም። ተመራማሪው በመጋቢት ሲመጣ ወንዙ ጎድሏል፤ ልጆቹም በክፍል ተቀምጠዋል። እርሱ ያልቆጠረው የመስከረም ባዶ ወንበር በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አይኖረውም። በዚህ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የሚታቀድ የትምህርት ቤት ግንባታም ወንዙን ሳያስብ ይታቀዳል።

በሌላም በኩል የአንድ ዓመት ውል መተማመንን ለመገንባት አይበቃም። ሰዎች የማያውቁትን እንግዳ የሚያስተናግዱት በትሕትና ነው። ትሕትናቸውም የሚፈልገውን መልስ እስከ መስጠት ይደርሳል። እውነተኛው መልስ የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉብኝት፣ እንግዳው የሰማውን ይዞ የት እንዳደረሰው ከታየ በኋላ ነው። በቡታጅራ ለዓመታት የዘለቀው ምዝገባ ሊካሄድ የቻለው ሥራው በአንድ በጀት ዓመት እንዲያልቅ ባለመታቀዱ ነው።

የበጀት ሠንጠረዡ ምን ይናገራል?

የአንድን ማመልከቻ እውነተኛ ሐሳብ ለማወቅ የሚፈልግ ገምጋሚ ከችግሩ መግለጫ ይልቅ የበጀት ሠንጠረዡን ቢያነብ ይሻለዋል። በሠንጠረዡ ውስጥ የተመራማሪዎች የውሎ አበል፣ የትራንስፖርትና የነዳጅ ወጪ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች ክፍያ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የኅትመት ወጪ ይገኛሉ። የማይገኙትም አሉ። ጥያቄውን ከአካባቢው ሰዎች ጋር ለመለየት የሚደረግ የመጀመሪያ ጉብኝት የለም፤ ምክንያቱም እርሱ ከገንዘቡ መለቀቅ በፊት መደረግ የነበረበት ነው። ውጤቱን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ የመመለስ ወጪም የለም፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ሪፖርት ለዩኒቨርሲቲው ሲቀርብ ውሉ ያበቃል።

መምህሩም በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ሊጤን ይገባል። መጠይቅ ካስሞላ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው መረጃ ሰብሳቢ ነው። የሰበሰበውን መረጃ ትርጉም ከተመራማሪው ጋር ተቀምጦ እንዲመረምር ግን ጊዜም፣ ክፍያም፣ ስምም አልተመደበለትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ቴሶ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ የተግባር ምርምርን በመምህራን ሥልጠና ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ መምህር የራሱን ክፍል ችግር እንዲያጠና ተምሮ የወጣ ነው። ይህን ሥልጠና የሰጡት ተቋማት ራሳቸው በድጎማ ማመልከቻቸው ውስጥ መምህሩን ወረቀት አመላላሽ ብቻ ሲያደርጉት፣ ያስተማሩትን ትምህርት በተግባር እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

የሒሳብ ማወራረጃ ሥርዓቱም ሳይታሰብ በምርምሩ ዘዴ ላይ ይፈርዳል። ማንኛውም ወጪ በሕጋዊ ደረሰኝ እንዲደገፍ ይፈለጋል፤ ይህም ለመንግሥት ገንዘብ ጥበቃ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዞኑ ከተማ የሚገኘው ሆቴል ለአዳራሽና ለሻይ ቡና ደረሰኝ ይቈርጣል፤ በቀበሌው ለስብሰባው ቡና ያፈላችው ሴት ግን ደረሰኝ የላትም። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚወድ ተመራማሪ ስብሰባውን ወደ ሆቴሉ ይወስደዋል። ወደ ሆቴሉ መምጣት የሚችሉት ደግሞ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችና ሹማምንት ናቸው። እንዲህ ሲሆን ማን እንደሚናገርና ማን እንደማይናገር በደረሰኝ ተወሰነ ማለት ነው።

ነጥብ አሰጣጡና የውጤቱ መድረሻ

ገምጋሚዎች በአብዛኛው የዚያው ፋኩልቲ ወይም የአቻ ፋኩልቲ ምሁራን ናቸው። የችግሩን አዲስነት፣ የዘዴውን ጥራት፣ የአመልካቹን የቀድሞ ኅትመቶችና የበጀቱን ተገቢነት ይመዝናሉ። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ይሁንና «ጥያቄው ከማን መጣ?» እና «ውጤቱ ለማን ይመለሳል?» የሚሉት ነጥቦች ከሌሎቹ እኩል ካልተመዘኑ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የሚለው ስያሜ ለማመልከት የሚያበቃ የመግቢያ ቃል ብቻ ይሆናል። አመልካቾችም ይህን በቶሎ ይረዳሉ። ቃሉን በርእሱ ላይ ያክላሉ፤ ከርእሱ በታች ያለውን ሥራ ግን እንደ ወትሮው ይጽፉታል።

የውጤቱም መድረሻ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህር የማዕርግ እድገት የሚያስገኝለት በታወቀ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ይህም በብዛት በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምረው መምህርና የወላጆች ተወካይ ይህን ጽሑፍ አያገኙትም፤ ቢያገኙትም ለእነርሱ አልተጻፈም። በሰው ደጅ ተቀምጦ የተሰበሰበ ነገር ለባለቤቱ ሳይነገር ሲቀር ቀጣዩ ተመራማሪ ይቀጣበታል። የሚያገኘው የሰለቸ መምህርና ዝግ በር ይሆናል። እዚህ ላይ ጉዳቱ የስም ብቻ አይደለም። የሰለቸ ሰው መጠይቁን እንደ ነገሩ ስለሚሞላው፣ የዕቅድ ባለሙያው የሚመካበት መረጃ ራሱ ይበላሻል።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አስተያየት ላይ አራት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የነዋሪው ጥያቄ ለሳይንሳዊ ምርምር የበቃ አይደለም የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ጥያቄ ማንሣትና ጥያቄን ማጥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። የእናትየዋን ጥያቄ ወደሚመረመር ጥያቄ መለወጥ የምሁሩ ሙያ ነው፤ ሙያውን የሚያስከብረውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ የፋኩልቲ መምህር የማስተማር ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ለተደጋጋሚ ጉብኝት ጊዜ የለውም የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩ ማነስ ያለበት ነገር የቱ እንደሆነ ያሳያል። ብዙ ወረዳዎችን የሚያዳርስ ሰፊ ናሙና ከመያዝ ይልቅ በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶችን ይዞ መመላለስ በዚያው ጊዜና ገንዘብ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው፣ የመንግሥት ገንዘብ ያለ ጥብቅ ቁጥጥር ሊለቀቅ አይገባም የሚለው ነው። ቁጥጥሩ ይቅር የሚል የለም። ደረሰኝ ለማይገኝባቸው አነስተኛ ወጪዎች በቀበሌውና በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ፊርማ የሚረጋገጥ፣ ጣሪያው አስቀድሞ የተወሰነ የክፍያ ሰነድ በመመሪያ ቢፈቀድ ግን ቁጥጥሩ ሳይላላ ስብሰባው ወደ ሰዉ መንደር ሊመለስ ይችላል።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ማኅበረሰብ የሚባለው አንድ ድምፅ ያለው አካል አይደለም የሚል ነው። ሽማግሌውና የቀበሌው ሊቀ መንበር የሚሉት፣ መሬት የሌለው ወጣት ወይም ውኃ የምትቀዳው ልጅ ከምትለው ሊለይ ይችላል። ጥያቄውን ከአካባቢው ማምጣት ከኀያላኑ ብቻ ማምጣት ከሆነ የቆየውን አድልዎ በዩኒቨርሲቲ ማኅተም ማጽናት ይሆናል። ስለዚህ አመልካቹ ማንን እንዳነጋገረ፣ ማንንስ ለምን እንዳላነጋገረ በማመልከቻው ውስጥ እንዲገልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሴቶችን በእድራቸውና በማኅበራቸው፣ ልጆችን በክበባቸው፣ ወጣቶችን በሥራ ቦታቸው ለየብቻ ማነጋገር ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም የሚቻል ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉት ማሻሻያዎች ቢታሰብባቸው መልካም ይሆናል።

ሀ) ድጎማው በሁለት ደረጃ ቢከፈል። በመጀመሪያው ደረጃ አመልካቹ በሁለት ገጽ ማመልከቻ አነስተኛ የመነሻ ገንዘብ ቢሰጠውና ከትምህርት ቤቱ፣ ከወላጆችና ከወረዳው ጋር ተቀምጦ ጥያቄውን ቢለይ፤ ሙሉው ዕቅድ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ቢሆን። የመነሻው ጉብኝት ጥናቱ እንደማያስፈልግ ካሳየም ይህ ራሱ እንደ ውጤት ቢቆጠር።

ለ) የድጋፍ ደብዳቤው በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቢተካ። ቃለ ጉባኤው የተገኙትን ሰዎች ድርሻ፣ የተነሡትን ጥያቄዎችና በዕቅዱ ውስጥ ያልተካተቱትን ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው ቢይዝ።

ሐ) ውሉ ሁለት የበጀት ዓመታትን እንዲሸፍን፣ የሁለተኛው ዓመት ክፍያም በዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ እንዲያዝ ቢደረግ። የመስክ ሥራው ሰሌዳ የትምህርት ዘመኑንና የአካባቢውን የእርሻ ሥራ ወራት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያሳይ፤ ቢያንስ አንድ ጉብኝትም በዝናብ ወራት ቢሆን።

መ) ቢያንስ አንድ የትምህርት ቤት መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር በተባባሪ ተመራማሪነት በስሙ ቢመዘገብ፤ ያበረከተው ሥራ ለሙያ ማሻሻያውና ለደረጃ እድገቱ እንዲያዝለት ከወረዳው ጋር ስምምነት ቢደረግ።

ሠ) የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ውጤቱ በትምህርት ቤቱ የሥራ ቋንቋ በአጭሩ ተጽፎ ለመምህራንና ለወላጆች በቃልም መቅረቡ ሲረጋገጥ ቢሆን።

ረ) በገምጋሚዎች ቡድን ውስጥ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከትምህርት ቤቶች አንድ ባለሙያ ከእኩል ድምፅ ጋር ቢገባ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲውን ሴኔት ውሳኔ፣ አንዳንዶቹም የፋይናንስ መመሪያ ማሻሻልን ይጠይቃሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያሻም። አመልካቹ መምህር በአሁኑ ቅጽም ቢሆን የችግሩን መግለጫ ከመጻፉ በፊት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄዶ የስም መጥሪያ መዝገቡን ከመምህሩ ጋር ማየት ይችላል። በጊዜ ሰሌዳው ላይ የመመለሻ ጉብኝት መጻፍን፣ በበጀቱም ላይ ለእርሱ ጥቂት ገንዘብ መያዝን የሚከለክል ቅጽ የለም።

ትምህርት ቤቶችም በበኩላቸው መብት አላቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ ተመራማሪ ሲመጣ ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት በአክብሮት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁት ይገባል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ ስንት የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንደሚወስድባቸውና ውጤቱን በየትኛው ወር ይዞ እንደሚመለስ ይጠይቁት። መልሱም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቢሰፍር ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወሻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ለማኅበረሰብ አቀፍ ምርምር የሚሰጥ ድጎማ ለትምህርት ቤቶቻችን ሊያበረክት የሚችለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። በጎንደርና በጅማ የተሞከሩት የሥልጠና መንገዶች፣ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በየአውራጃው የተሰማሩት ወጣቶች ሥራና የቡታጅራው ረጅም ምዝገባ ዩኒቨርሲቲና ነዋሪ በአንድነት ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያሉ። አሁን የሚያስፈልገው ይህን ልምድ ከመግቢያ ንግግሮች አውጥቶ በማመልከቻው ቅጽ፣ በበጀት ሠንጠረዡና በነጥብ መስጫው ውስጥ ማኖር ነው። የዕቅድ ባለሙያዎች ቅጹን ለማሻሻል ሲነሡ የሚያስከፍላቸው ጥቂት ገጾችና አንድ ተጨማሪ የበጀት ዓመት ነው። ቅጹ ሳይሻሻል ቢቀር ግን ዋጋውን የሚከፍሉት፣ ወንዝ ሞልቶ ወይም ቡና ደርሶ ከክፍል ሲቀሩ ማንም ያልቆጠራቸው ልጆች ናቸው።